ለሪቮልቨር ጥይት ንጹሕ የሚነድ ባሩድ እንዴት እንምረጥ?

ተኩሳችሁ ስትጨርሱ ሲሊንደሩን ክፈቱና ከስድስቱ ቀለሆች አንዱን አንሱ። ጎኑን እዩት። ጥቁሩ አፉ ላይ ብቻ ነው? ወይስ በአንድ በኩል እስከ ወገቡ ወርዷል? አሁን ቀለሁን ገልብጡና መዳፋችሁ ላይ ነቅነቅ አድርጉት። ቢጫ ወይም አመድማ ፍሬዎች ረገፉ? ከረገፉ፣ ያ ፍሬ ሳይነድ የቀረ ባሩድ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ነው "ይሄ ባሩድ ቆሻሻ ነው" ብሎ ሌላ ጣሳ ሊገዛ የሚሄደው። አዲሱም ያው ሊሆንበት ይችላል። ጣሳው ላይ "ንጹሕ ይነዳል" ተብሎ መጻፉ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። አንድ ባሩድ ንጹሕ የሚነደው የሚፈልገውን ግፊት ሲያገኝ ነው። ያው ባሩድ በአንዱ ጥይት መስተዋት ያስመስላል፣ በሌላው ሽጉጡን ከሰል ያደርገዋል። ስለዚህ "የቱ ባሩድ ንጹሕ ነው?" ከማለት "እኔ ለምተኩሰው ጥይት የቱ ንጹሕ ይነዳል?" ማለት ይሻላል።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ሆነው በቤታቸው ለራሳቸው ጥይት መልሰው ለሚሞሉ ሰዎች ነው። ምሳሌዬ .38 ስፔሻል የሚባለው የጥይት ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ሪቮልቨር ሲጀምር የሚገዛው እሱን ወይም .357 ማግነምን የሚተኩስ ሽጉጥ ነው፤ የ.357 ሽጉጥ ደግሞ .38ንም ይተኩሳል። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፤ በግሬን (ባሩድና አረር የሚመዘኑበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) የሚነገር የባሩድ መጠን እዚህ አታገኙም። ሆን ብዬ ነው። መጠን የሚወሰደው ከባሩዱ አምራች ሠንጠረዥ ወይም ከታወቀ የሪሎዲንግ (ጥይት መልሶ የመሙላት) መጽሐፍ እንጂ ከማንም ጽሑፍ አይደለም፤ ከእኔም ጭምር።

በቅድሚያ ሕጉን እንጨርስ

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራሱ ጥይት የሚሞላ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም። እየሞሉ መሸጥ ግን የአምራች ፈቃድ ይጠይቃል። ጓደኛ "ለኔም ሙላልኝ፣ እከፍልሃለሁ" ቢላችሁ እየሳቃችሁ እምቢ በሉ።

የሚቀጥለው እኛን በቀጥታ ይነካል። የፌዴራሉ ሕግ "ጥይት" ሲል ሙሉውን ጥይት ብቻ ማለቱ አይደለም። ቀለሁም፣ ፕራይመሩም (ከቀለሁ ሥር ሆኖ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክፍል)፣ አረሩም፣ ባሩዱም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ በመርህ ደረጃ ጥይት መያዝ ይከለከላል። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ስለዚህ በቪዛ ያለ የአጎት ልጅ "ባሩዱን እኔ ቤት አስቀምጠው" ቢል ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ይህ ክልከላ አይመለከተውም። ከዚህ ሌላ የየስቴቱ ሕግ ይለያያል፤ የምትኖሩበትን እዩ።

ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ባሩድም ሆነ ፕራይመር ሻንጣ ውስጥ እንዳይገኝ። በእጅ በሚያዘውም በሚጫነውም ሻንጣ ክልክል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት አይቻልም። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ እዚያ አይሠራም፤ አለቀ።

ጥቀርሻው ከየት ይመጣል?

ጭስ አልባ ባሩድ በዋናነት ኒትሮሴሉሎስ ነው። አንዳንዱ ናይትሮግሊሰሪን ይጨመርበታል። ጉልበቱም ሙቀቱም በዚያው ይጨምራል። ሁለቱም ዓይነት ግን አንድ ጠባይ አላቸው፤ ግፊት ሲጨምር ይፈጥናሉ፣ ግፊት ሲያንስ ይለግማሉ። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ብታፈስሱበት እንጀራው ዓይን እንደማያወጣው ሁሉ፣ ግፊት ያጣ ባሩድም ሳይበስል ይቀራል። ግማሹ ነድዶ ግማሹ ፍሬ እንደሆነ በአፈሙዙ ይወጣል፣ ሲሊንደሩ ውስጥም ይረግፋል።

ሁለተኛው ነገር ቀለሁ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የነሐሱ ግድግዳ በግፊቱ ተነፍቶ ከሲሊንደሩ ጉድጓድ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋል። ግፊቱ አነስተኛ ከሆነ በደንብ አይነፋም። ጋዙ በጎኑ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመጣል። ቅድም ያያችሁት እስከ ወገብ የወረደ ጥቁር ይኸው ነው። ባሩዱ ምንም ያህል "ንጹሕ" ቢሆን ቀለሁ ካልዘጋ ጎኑ መጥቆሩ አይቀርም።

.38 ስፔሻል ደግሞ ለዚህ ችግር የተመቸ ጥይት ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1898 ሲያወጣው ዘመኑ ገና ከጥቁር ባሩድ አልወጣም ነበር። ጥቁር ባሩድ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ቀለሁም ለዚያ በሚበቃ ስፋት ተሠራ። ዛሬ የምንሞላው ባሩድ ግን ከቀለሁ ታች ትንሽ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። የቀረው ባዶ ነው። ግፊቱም በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው፤ የኢንዱስትሪው ጣሪያ ለመደበኛው .38 ስፔሻል 17,000 ፒኤስአይ (ግፊት በካሬ ኢንች በፓውንድ ሲለካ) ሲሆን፣ ለ.357 ማግነም እና ለ9 ሚሊ ሜትር 35,000 ነው። በሽጉጥ መጽሔት ላይ "በ9 ሚሊ ሜትር በጣም ንጹሕ ነው" የተባለ ባሩድ በ.38 ቢያስቀይማችሁ አይግረማችሁ። ግማሽ ግፊት ነው የሰጣችሁት።

.45 ኮልት ከዚህም ይብሳል። የ1873 ጥይት ነው፣ ቀለሁ ትልቅ ነው፣ ጣሪያው 14,000 ፒኤስአይ ብቻ ነው። ከታች የምለው ሁሉ ለእሱ እጥፍ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ጥይታችሁን ወስኑ

ባሩድ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። አረሩ ምንድነው? ክብደቱ ስንት ነው? ምን ያህል ጠንካራ ጥይት ነው የምትፈልጉት?

የአረሩ ክብደት ትልቅ ነገር ነው። ከባድ አረር ቶሎ አይንቀሳቀስም፤ ባሩዱ ግፊት የሚሰበስብበት ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ በ158 ግሬን አረር ንጹሕ የነደደ ባሩድ በ110 ግሬን አረር ፍሬ ሊያረግፍ ይችላል። ለዒላማ የሚወደደው 148 ግሬኑ ዋድከተር፣ ማለትም አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው አረር፣ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ቀለሁ ውስጥ ይገባል፤ ያ ባዶ ቦታ ይቀንሳል። ለስላሳ ሆኖ ንጹሕ የሚነድ ጥይት የምትፈልጉ ከሆነ ዋድከተርን ሞክሩ። ግን ባዶው ቦታ ሲጠብ ግፊት ቶሎ ስለሚወጣ የሌላ አረር መጠን ወስዳችሁ እዚህ እንዳትጠቀሙ።

ሁሉም ሰው ለስላሳ ጥይት ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። ይሁን እንጂ በጣም ለስላሳ እና በጣም ንጹሕ አብረው የሚመጡት በጣም ፈጣን በሆነ፣ ማለትም ቶሎ በሚነድ ባሩድ ብቻ ነው። መካከለኛ ባሩድ ይዛችሁ "ትንሽ ልቀንስለት" ካላችሁ፣ የቀነሳችሁት ግፊቱን ነው፤ ጥቀርሻውን ጨመራችሁ።

ደረጃ 2፦ ባሩዱ ያልሠራውን በባሩዱ አታሳብቡ

እርሳስ አረር የምትተኩሱ ከሆነ በዓይናችሁ ፊት የሚግተለተለው ነጭ ጭስ በአብዛኛው የባሩድ ጭስ አይደለም። በአረሩ ጎድጎዳ ውስጥ ያለው ሰም ወይም ቅባት ሲቃጠል ነው። ባሩድ ብትቀያይሩ አይጠፋም። መፍትሔው በፖሊመር የተለበጠ ወይም መዳብ የተቀባ አረር መግዛት ነው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጭሱ ግን ወዲያው ይቀንሳል። ዝግ በሆነ የተኩስ አዳራሽ ለሚተኩስ ሰው ለሳንባውም ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ክሪምፑን፣ ማለትም የቀለሁ አፍ አረሩ ላይ የታጠፈበትን ቦታ እዩ። አረሩ ቀለሁ ውስጥ ላላ ብሎ ከተቀመጠ ፕራይመሩ ሲፈነዳ ባሩዱ ሳይያያዝ ሸርተት ይላል። የቀለሁ አፍ አረሩን ጥብቅ አድርጎ ከያዘና ጫፉ ወደ አረሩ ጎድጎዳ በደንብ ከታጠፈ፣ ባሩዱ ግፊት እስኪሰበስብ ይጠብቃል። አረሩን ከማስቀመጡ በፊት የቀለሁን አፍ ከልክ በላይ የሚያሰፋ ሰው ብዙ ነው። አረሩ ሳይላጭ እስኪገባ ድረስ ብቻ ይበቃል። አንዳንዴ ባሩድ ሳይለወጥ፣ ክሪምፑ ብቻ ተስተካክሎ ፍሬው ሲጠፋ ታያላችሁ።

በ.357 ሽጉጥ .38 የምትተኩሱ ደግሞ አንድ ቀለበት ታውቃላችሁ። .38 አጭር ስለሆነ ከቀለሁ አፍ ፊት ለፊት ጉድጓዱ ውስጥ የጥቀርሻ ቀለበት ይሠራል። ካልተጠረገ በኋላ .357 ስታጎርሱ አልገባም ይላል። ይህ የባሩድ ጥፋት አይደለም፤ በብሩሽ ይጠረጋል። ያንን ሽሽት ለስላሳውን ጥይት በ.357 ቀለህ የሚሞሉ አሉ። ባዶው ቦታ ስለሚሰፋ አነዳዱ ይብሱን ይቆሽሻል።

የሲሊንደሩ ፊት ላይ ያለው ጥቁር ክብ ክብስ? በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ጋዝ የምታስወጣ ቀጭን ክፍተት አለች። በማንኛውም ባሩድ ያ ቦታ ይጠቁራል። አይዝጌ ብረት ሽጉጥ ያለው ሰው እሱን እየፋቀ እሑዱን አያባክን።

ደረጃ 3፦ ፍጥነቱን ምረጡ

ባሩዶች ከፈጣን ወደ ዝግተኛ የሚደረደሩበት ሠንጠረዥ አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ የሚያሳየው ግን ተራቸውን ብቻ ነው። ሁለት ባሩድ ጎን ለጎን ስለተጻፉ በአንዱ መጠን ሌላውን መሙላት አይቻልም። ይህ ስህተት ሽጉጥ ፈንድቶ ጣት ያስቆርጣል።

ለመደበኛ .38 የምትፈልጉት ከፈጣኑ ወገን ነው። ቡልስአይ፣ ታይትግሩፕ፣ ሬድ ዶት፣ ኤችፒ-38፣ ቪህታቮሪ ኤን320 የሚባሉት እዚህ ሠፈር ናቸው። ዩኒክ እና ዩኒቨርሳል ዘገም ይላሉ። ወደ ላይኛው የሠንጠረዥ መጠን ሲጠጉ ጥሩ ይነዳሉ፤ በለስላሳ ጥይት ግን ይለግማሉ። ዩኒክ "ቆሻሻ" የሚል ስም ያወጣው በዚሁ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ገበያ ላይ የቆየ ባሩድ ነው፤ ስሙን ያጠፉት በዝቅተኛ መጠን የሚተኩሱት ናቸው።

ኤች110 ለሚባለው ዝግተኛ ባሩድ ግን ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተሠራው ለሙሉ ኃይል ማግነም ነው። "ለስላሳ ላድርገው" ብሎ መቀነስ አይቻልም። አምራቹ ራሱ ይከለክላል፤ ሲቀነስ አነዳዱ ይቆራረጥና አረር በርሜል ውስጥ ሊቀር ይችላል። ዊንቸስተር 296 የሚባለውም ያው ባሩድ ነው። .357 ገዝታችሁ ሻጩ እሱን ቢያቀብላችሁ፣ ለ.38 ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ቀለሁ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል?

ለእኔ ከንጽሕናም የሚቀድም ይህ ነው። .38 ቀለህ ሰፊ ነው ብለናል። እንደ ቡልስአይ ወይም ታይትግሩፕ ያለ ጥቅጥቅ ባሩድ የሚሞላው መጠን ከታች ትንሽ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢሞላ ቀለሁ አያፈስስም። ዝም ብሎ ይቀበላል። አረሩም ያለ ችግር ይቀመጥበታል። ሲተኮስ ግን ሲሊንደሩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሰፋ ብሎ የሚቀመጥ ባሩድ፣ ለምሳሌ ሬድ ዶት ወይም ዩኒክ፣ ቀለሁን ከፍ አድርጎ ይሞላል። ድርብ ሲሞላ ወይ ያፈስሳል ወይ ከሩቅ ይታያል። ትሬይል ቦስ የሚባለው እንደ ቀለበት መሐሉ ቀዳዳ የሆነው ባሩድ በዚህ በኩል ምርጥ ነበር፤ ቀለሁን እስከ አረሩ ሥር ይሞላዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የለም።

ለጀማሪ ምክሬ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ጣሳችሁ ቀለሁን የሚሞላ ባሩድ ይሁን፣ ትንሽ ቢያቆሽሽም። ሽጉጥ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ጣት ግን አይተካም። ልምድ ስታገኙ ወደ ጥቅጥቁ ትሄዳላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ቀለሆቹን በእንጨት መደርደሪያ ላይ አቁሟቸው። አረር ከማስቀመጣችሁ በፊት በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ውስጥ እያያችሁ ሁሉንም አነጻጽሩ። አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ገልብጡትና እንደገና ሙሉት። ስልክ ቢጠራ አታንሡ። ካነሣችሁም የመጨረሻዎቹን ቀለሆች ባዶ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ቦታ ማነሱ ሌላም መዘዝ አለው። ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ ሲንሸራሸር አንዴ ፕራይመሩ ጋ፣ አንዴ አረሩ ጋ ይሆናል። በአንዳንድ ባሩድ በዚህ የተነሣ የአረሩ ፍጥነት ይለዋወጣል። ታይትግሩፕ የተሠራው ይህንን ለመቋቋም ነው፤ በሰፊ ቀለህ የትም ቢተኛ አነዳዱ ብዙም አይለይም። ሞቅ ብሎ መንደዱ ግን እውነት ነው። ቶሎ ቶሎ ከተኮሳችሁ ሲሊንደሩ ያቃጥላል፣ ሰም ያለው አረር ላይም ጭሱ ይበዛል። ከተለበጠ አረር ጋር ግን ደህና ጥንድ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመስፈሪያው ጋር ይስማማል?

ባሩድ መስፈሪያው የሚሰፍረው በቦታ እንጂ በክብደት አይደለም። እንደ ኤችፒ-38 ያለ ደቃቅ ፍሬ ያለው እንደ ውኃ ይወርዳል። እንደ ዩኒክ ያለ ሰፊ ቅጠል መሰል ፍሬ ያለው አንዳንዴ ይጠላለፍና አንዱ ጥይት ያንሳል፣ ቀጣዩ ይበዛል። ያነሰው ይቆሽሻል፣ የበዛው ግፊት ይጨምራል። አሥር ጊዜ ስፈሩና እያንዳንዱን በሚዛን መዝኑት። ልዩነቱ ከአንድ አሥረኛ ግሬን ብዙ ካላለፈ ጥሩ ነው። ካለፈ መስፈሪያውን በእኩል ኃይል መታ መታ እያደረጋችሁ ድገሙት።

ወደ ስሞቹ እንግባ

ሁሉንም አልዘረዝርም። የማምንባቸውን ልበል።

ኤችፒ-38 መሐል ላይ ያለ ነው። በመካከለኛ መጠን ንጹሕ ይነዳል፣ በደንብ ይሰፈራል፣ ለ.38 ብዙ የታተመ መረጃ አለው። ዊንቸስተር 231 ራሱ ነው፤ ስሙና ጣሳው ብቻ ይለያያል። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ፈልጉ። ያም ሆኖ ጣሳው ላይ ባለው ስም የታተመውን መጠን ተጠቀሙ።

ኤን320 ከፊንላንድ የሚመጣ ነው። ናይትሮግሊሰሪን የለበትም። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያመሰግነው ባሩድ ነው፤ ጭሱ ትንሽ፣ ቀለሁ ንጹሕ። ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። ወር እስከ ወር ለሚተኩስ ውድድረኛ አስቡበት። በወር አንዴ ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ታይትግሩፕን ጠቅሻለሁ። ርካሽ ነው፣ ትንሽ ይበቃዋል። ድርብ አሞላልን ግን በጥብቅ ለሚጠነቀቅ ሰው ብቻ።

ቡልስአይ የዒላማ ተኳሾች አሮጌ ወዳጅ ነው፤ ከ148 ግሬን ዋድከተር ጋር ትክክለኛነቱ የተመሰከረ ነው። ጥቀርሻው ከላይኞቹ ይበልጣል፤ ዒላማውን ስታዩ ግን ትረሱታላችሁ።

ሬድ ዶት እና ዩኒክ ለደኅንነት የማስቀድማቸው ናቸው። ሬድ ዶት ፈጠን ስለሚል በለስላሳ ጥይት ከዩኒክ የተሻለ ይነዳል። ዩኒክን በ.357 ቀለህ በመካከለኛ ኃይል ብትሞሉት ደግሞ ሌላ ባሩድ ይመስላችኋል።

ደረጃ 6፦ መጠኑን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ውሰዱ

የባሩድ አምራቾች መረጃቸውን በነጻ ያወጣሉ። ሆድግደን፣ አሊያንት እና ቪህታቮሪ ሁሉም አላቸው። የእናንተን አረር ዓይነትና ክብደት፣ የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት እና ፕራይመሩን አስተያዩ። ከመነሻው መጠን ጀምሩ። ከጣሪያው በላይ አትሂዱ፤ ከመነሻውም በታች አትውረዱ። ከመነሻ በታች የሄደ ጥይት አረሩን በርሜል ውስጥ ጥሎ ሊቀር ይችላል። መደበኛውን .38 እና ፕላስ ፒ የተባለውን ግፊቱ ከፍ ያለ .38ም አታደባልቁ። የፕላስ ፒ ጣሪያ 20,000 ፒኤስአይ ነው፤ አሮጌ ሽጉጥ ያለው ሰው አይንካው።

ወደ ንጽሕና የሚወስደው መንገድ ከመነሻው በአንድ አንድ አሥረኛ ግሬን ከፍ እያሉ ቀለሁን ማየት ነው። አንድ ቦታ ላይ ጥቁሩ ከወገቡ ወደ አፉ ይሸሻል፣ ፍሬውም ይጠፋል። ያቺ ቦታ ከሠንጠረዡ ጣሪያ በታች ከተገኘች፣ ባሩዱን አገኛችሁት ማለት ነው። ጣሪያው ደርሶም ካልጠራ፣ ለዚያ ጥይት ያ ባሩድ አይሆንም። ሌላ ፈጠን ያለ ምረጡ።

ደረጃ 7፦ ተኩስ ሜዳ ላይ አወዳድሩ

ሁለት ባሩድ ለማወዳደር ሌላው ሁሉ አንድ መሆን አለበት፤ አረሩ፣ ፕራይመሩ፣ ክሪምፑ፣ ቀለሁ። ሽጉጡን ጠርጉ። ከአንዱ አሥራ ሁለት ተኩሱ፣ ማለትም ሁለት ሲሊንደር። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ እዩ።

መጀመሪያ ቀለሆቹን ደርድሯቸው። ቀጥሎ ቀለሆቹን የሚገፋውን ኮከብ አንሥታችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ለሪቮልቨር ዋናው ቦታ ይህ ነው። ሁለት ሦስት ያልነደደ ፍሬ ኮከቡ ሥር ከገባ ኮከቡ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሲሊንደሩ ለመዘጋት ይታገላል፣ ቃታውም ይከብዳል። በርሜል ጥቁር ቢሆን ሽጉጡ ይተኩሳል፤ ኮከቡ ሥር ፍሬ ሲኖር ግን ያቆማችኋል። ቀለሆች ስታወጡ አፈሙዙን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቅኑና መግፊያውን ዘንግ በመዳፍ አንዴ በኃይል ምቱት። ፍሬው ከቀለሆቹ ጋር ወደ ታች ይወድቃል። አግድም ይዞ ቀስ እያሉ መግፋት ፍሬውን ለኮከቡ መጋበዝ ነው።

ሦስተኛ፣ በርሜሉ ውስጥ ብርሃን አሳዩ። ፍሬዎች ተጣብቀዋል? ወይስ ስስ ግራጫ ጥላ ብቻ ነው? ስሱ ጥላ ችግር አይደለም።

ፍጥነት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይጨምር። ሽጉጡ ወደ ዒላማው አቅጣጫ እንዳለ አፈሙዙን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያንሣ፣ ወደ ዒላማው ይመልሰውና ይተኩስ። በሚቀጥለው አፈሙዙን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ይመልሰውና ይተኩስ። በመጀመሪያው ባሩዱ ፕራይመሩ ጋ ነበር፤ በሁለተኛው አረሩ ጋ። የሁለቱ ልዩነት በሰከንድ ከ50 ጫማ በላይ ከሆነ እኔ ያንን ጥይት አልወደውም። አንዳንዱ ንጹሕ፣ አንዳንዱ ቆሻሻ የሚሆነውም በዚሁ ነው። የሜዳው ደንብ አፈሙዝ ወደ ላይ ማንሣትን ከከለከለ ይቅር፤ ደንቡ ይበልጣል።

ድምፁ ደከም ያለ ተኩስ ከሰማችሁ ወዲያው አቁሙ። "ቀጣዩ ይሠራል" አይባልም። ሽጉጡን ባዶ አድርጉና በርሜሉ ክፍት መሆኑን እዩ። አረሩ በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ቢቆም ሲሊንደሩ ይቆለፋል፤ በጉልበት አትክፈቱት፣ የሜዳውን ኃላፊ ጥሩ።

ስለ አያያዝ ጥቂት

ባሩድ በመጣበት ጣሳ ይቀመጥ። በመስፈሪያው ላይ አታሳድሩት፤ ናይትሮግሊሰሪን ያለው የፕላስቲኩን ግድግዳ ይበላል፣ ነገ ደግሞ የቱ ባሩድ እንደነበር ይረሳል። ጠረጴዛ ላይ አንድ ጣሳ ብቻ ይኑር። ሁለት ባሩድ አይደባለቅም፤ ስሙን የማታውቁት ባሩድ ይጣላል። ሲከፈት የሚሰነፍጥ አሲድ አሲድ የሚል ሽታ ወይም ዝገት የሚመስል ቡናማ ብናኝ ካለው ተበላሽቷል። በመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው በብዙ ቦታ እስከ 20 ፓውንድ ነው፤ የከተማችሁን የእሳት አደጋ ደንብ ጠይቁ።

ጥቀርሻው ውስጥ እርሳስ አለ፤ ከአረሩም ከፕራይመሩም ይመጣል። ከተኩስ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ ምግብ አይነካም። ባሩዱ ንጹሕ ስለነደደ እርሳሱ አይጠፋም፤ ልጅ ያለው ሰው የተኩስ ልብሱን ለብቻው ይጠብ።

ስትገዙ

ከ2020 ወዲህ ባሩድ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ዋጋውም ወጥቷል። በፖስታ ስታዙ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ ይጨመራል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ማዘዝ ያዋጣል፤ ግን ሞክራችሁ ከወደዳችሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ይበቃል። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ሠንጠረዡ አራት ግሬን ካለ 1,750 ጥይት ይወጣል። አምስት ካለ 1,400 ነው። ርካሹ ጣሳ ሁልጊዜ ርካሽ ጥይት አይሰጥም፤ የሚያዋጣው ባሩድ በጥይት ሲካፈል ነው የሚታወቀው።

ጣሳው ላይ የሎት ቁጥር (ባሩዱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳይ) አለ፤ በምትጽፉበት ደብተር አስፍሩት። በሚቀጥለው ስትገዙ ቁጥሩ ከተለወጠ ያው ስም ያለው ባሩድ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ጣሪያው አካባቢ የምትሞሉ ከሆነ ወደ መነሻው መጠን ወርዳችሁ እንደገና ውጡ። ለመካከለኛ ጥይትም ስድስት ያህል ሙሉና ቀለሁን እዩ፤ ጥቁሩ አፉ ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥሉ።